ፊት ለፊት ተፎካካሪ፣ በጀርባ ሸሪክ፦ የስዊስ የቅንጦት ሰዓት ቤቶች ግንኙነት

ጥያቄ፦ «አንድ ዘመዴ በ1990ዎቹ የተሠራ የሮሌክስ ዴይቶና ሊገዛ ሲደራደር፣ ሻጩ “ውስጡ ያለው ማሽን መሠረቱ የሮሌክስ ሳይሆን የዜኒት ነው” አለው። ሌላ ሰው ደግሞ የኦዴማር ፒጌው ሮያል ኦክና የፓቴክ ፊሊፑ ኖቲለስ ሲጀመሩ ማሽናቸው ከአንድ ቤት የወጣ እንደነበር ነገረኝ። እነዚህ ቤቶች ተፎካካሪዎች አይደሉም እንዴ? ወይስ ፉክክሩ ለገዢ የሚታይ ቲያትር ነው? ያን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ሰው የማንን ሰዓት ነው የሚገዛው?»

ምላሽ፦

ለእርስዎም ለዘመድዎም የተነገረው እውነት ነው። ከእውነቱ የተወሰደው ድምዳሜ ግን ልክ አይመስለኝም። ፉክክሩ ቲያትር አይደለም፤ ትብብሩም ሲገለጥ የሚያሳፍር የቤት ገመና አይደለም። ሁለቱ በአንዱ ሰዓት በተለያየ ጎን ይኖራሉ። ቤቶቹ በስም፣ በመልክ፣ በአጨራረስ ጥራትና በደንበኛ ይሻማሉ፤ ከሰዓቱ ፊት በስተጀርባ ያለውን፣ እኛ ጠጋኞች ማሽን የምንለውን የሞላና የጥርስ ስብስብ ግን ከጥንት ጀምሮ አብረው ሲሠሩ ወይም እርስ በርስ ሲገዛዙ ኖረዋል። ይህ ክፍፍል የጸናው ግን ሌሎች ሁሉ የሚፈልጉት ዕቃ በአንድ እጅ እስኪገባ ድረስ ነው፤ ያን ጊዜ ሽርክናው ራሱ መሣሪያ ይሆናል። ጥቂት ጉዳዮችን ብቻ መርጬ አብራራለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመልክዓ ምድሩ ነው። በጁራ ተራሮች ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ቫሌ ደ ዡ የተባለው ሸለቆ ክረምቱ ረጅም፣ በረዶውም ከባድ ነው። ገበሬው ከብቱን በረት ዘግቶ በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሰዓት አካል ይሠራ ነበር፤ አንዱ ቤተሰብ ጥርስ ብቻ፣ ሌላው ብሎን ብቻ፣ ሦስተኛው ሞላ ብቻ። ነጋዴው እየዞረ ይሰበስባል፣ ያስገጥማል፣ ስሙን ጽፎ ይሸጣል። በአገራችን ጥጡን አንዷ ፈትላ፣ ማጉን ሌላው ሸምኖ፣ ሸማው በመጨረሻ በሸማኔው ስም ገበያ እንደሚወጣው ማለት ነው። የጄኔቫ ታላላቅ ቤቶችም ያልተጠናቀቀ ማሽን ከሸለቆው ገዝተው፣ ጠርዙን ሞርደው፣ ብረቱን አስውበው፣ አካሄዱን አስተካክለው የራሳቸው ያደርጉት ነበር። በ1833 በለ ሳንቲየ መንደር የተመሠረተው የለኩልትር ፋብሪካ ከ1902 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ለፓቴክ ፊሊፕ አብዛኛውን ያልተጠናቀቀ ማሽን ያቀርብ ነበር፤ ፓቴክን በዚህ ምክንያት ያሳነሰው ግን አልነበረም። «ሁሉንም በቤታችን ሠራነው» የሚለው ኩራት እንደ ሽያጭ መፈክር የተጋጋለው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት የገዢውን ፍርድ ከማብራት ይልቅ አደናግሮታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወሬ ልለፍ፤ በጣም የሚያስተምረው እርሱ ነውና። በ1967 ዣገር ለኩልትር ከኦዴማር ፒጌና ከቫሼሮን ኮንስታንታን ጋር በመመካከር 920 የሚል ቁጥር የተሰጠውን አውቶማቲክ ማሽን አወጣ። ውፍረቱ ቀን የማያሳየው 2.45 ሚሊሜትር፣ ቀን የሚያሳየው 3.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ክንድ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሞላውን የሚሞላው ክብደት በማሽኑ ሙሉ ስፋት ላይ የሚዞር ሆኖ ሳለ እንዲህ ቀጭን መሆኑ ያስደንቃል፤ ክብደቱ እንዳይጎብጥና እንዳይፈገፍግ ጠርዙ በትንንሽ የሩቢ ከበሮዎች ላይ እንዲንሸራተት ተደርጓል። ማሽኑ በኦዴማር ፒጌ 2120 እና 2121፣ በቫሼሮን 1120 እና 1121፣ በፓቴክ ፊሊፕ ደግሞ 28-255 ተባለ። ወላጁ ዣገር ለኩልትር ግን በራሱ ስም በሚሸጥ ሰዓት ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጠቀመበትም፤ ለጎረቤት የደገሰውን ምግብ ራሱ እንዳልቀመሰ ሰው ሆነ።

በዚህ ማሽን ላይ ነው በ1970ዎቹ እጅግ የከረረው ፉክክር የተካሄደው። በ1972 ኦዴማር ፒጌ ሮያል ኦክን በባዝል ትርኢት አቀረበ፤ ከብረት የተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ብሎኖቹ ፊቱ ላይ በግልጽ የሚታዩ፣ ዋጋው ግን ከብዙ የወርቅ ሰዓት የበለጠ ነበር። ነዳፊው ጄራልድ ጄንታ የተባለ የጄኔቫ ሰው ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ይኸው ሰው ለፓቴክ ፊሊፕ ኖቲለስን ነደፈ፤ እርሱ ራሱ ሲናገር እንደኖረው፣ በባዝል ትርኢት ሰሞን ምግብ ቤት ተቀምጦ የፓቴክን ኃላፊዎች ከሩቅ እያየ በአምስት ደቂቃ የሣለው ነው። በ1977 ቫሼሮን 222 የተባለውን የብረት ሰዓቱን አወጣ፤ ይህኛው የዮርግ ሂዜክ ንድፍ ነበር። ሦስት ባላንጣ ቤቶች፣ ሦስት የብረት ሰዓቶች፣ የሁሉም ልብ ግን ከአንድ ሸለቆ የወጣ አንድ ማሽን! ገዢው የሚመርጠው መልኩን፣ የሰንሰለቱን አሠራርና የስሙን ክብደት ነበር፤ ማሽኑ በሦስቱም ዘንድ በየቤቱ እጅ ተወልውሎና ተስተካክሎ የገባ ነው።

እዚህ ላይ የባለቤትነቱን ጉዳይ መጨመር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ትብብሩ ደግነት ብቻ ይመስላል። ኦዴማር ፒጌ የዣገር ለኩልትር ባለድርሻ ነበር፤ ድርሻው በመጨረሻ 40 በመቶ ደርሶ ነበር። በ2000 ሪሽሞን የተባለው ኩባንያ ዣገር ለኩልትርን ሲጠቀልል ኦዴማር ፒጌ ድርሻውን ሸጦ ወጣ። ቫሼሮን ደግሞ ከ1996 ጀምሮ የሪሽሞን ስለነበር፣ የትናንት አቅራቢና ደንበኛ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ወንድማማቾች ሆኑ፤ የሸለቆው ጎረቤት ኦዴማር ፒጌ ግን ውጭ ቀረ። ከዚያ በኋላ 2121ን በራሱ ቤት እየሠራ ቆይቶ በ2022 በአዲስ የራሱ ማሽን ተካው። ከሐምሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ጋብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

የዘመድዎ ዴይቶና ታሪክ ከዚህ ይልቅ የተጠላለፈ ነው፤ የሚጀምረውም ከሮሌክስ ሳይሆን በ1960ዎቹ ከነበረ እሽቅድምድም ነው። ዴይቶና ክሮኖግራፍ ነው፤ ክሮኖግራፍ ማለትም ጊዜ ለመለካት የሚነሳና የሚቆም ተጨማሪ ጠቋሚ ያለው ሰዓት እስከዚያ ዘመን ድረስ በእጅ ብቻ ይሞላ ነበር። አውቶማቲክ ለማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ግን የአንድን ቤት አቅም የሚፈትን ነው። ስለዚህ በክሮኖግራፍ ገበያ ላይ ዓይንና ናጫ የነበሩት ብራይትሊንግና ሆየር ተስማሙ፤ ቀጭን አውቶማቲክ ማሽን የሚሠራው ቡረን፣ እርሱን የገዛው ሃሚልተንና የክሮኖግራፍ አካል የሚሠራው ዱቧ ዴፕራ ተጨመሩበት። ሥራው በምሥጢር «ፕሮጀክት 99» ይባል ነበር። ውጤቱ ካሊበር 11 መጋቢት 3 ቀን 1969 በጄኔቫና በኒው ዮርክ በአንድ ጊዜ ተገለጠ። መሙያው በቀኝ ሳይሆን በግራ በኩል መሆኑ መታወቂያው ነው፤ ክሮኖግራፉ በሌላ ማሽን ላይ እንደ ፎቅ የተደረበ በመሆኑ መሙያውን ወደዚያ ገፋው።

ዜኒት ግን ማኅበሩ ውስጥ አልነበረም። ከ1962 ጀምሮ ለብቻው ሲሠራ ቆይቶ ከእነርሱ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ፣ ጥር 10 ቀን 1969፣ ኤል ፕሪሜሮ ያለውን ማሽን አሳየ፤ ስሙ «የመጀመሪያው» ማለት ነው። በሰዓት 36,000 ጊዜ የሚመታ፣ ክሮኖግራፉም የተደረበ ሳይሆን ከመሠረቱ ጋር አብሮ የታቀደ ነበር። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ሴይኮም የራሱን አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ ለገበያ አውጥቷል። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም፤ እንደሚመስለኝ አያልቅም፤ ምክንያቱም አንዱ ያሳየበትን ቀን፣ አንዱ በብዛት ያቀረበበትን ቀን፣ ሌላው የሸጠበትን ቀን ይቆጥራል።

ከዚያ የባትሪ ሰዓት መጣና አሸናፊና ተሸናፊውን አንድ ላይ መታቸው። ዜኒትን የገዛው የቺካጎ የሬዲዮ ኩባንያ በ1975 የሜካኒካል ማሽን ሥራው እንዲቆምና መሣሪያዎቹ እንዲወገዱ አዘዘ። በለ ሎክል ፋብሪካ የሚሠራ ሻርል ቬርሞ የተባለ ባለሙያ ትእዛዙን በደብዳቤ ተቃወመ፤ በተግባር ደግሞ ማታ ማታ መጭመቂያዎቹን፣ መቁረጫዎቹንና የአሠራር ሰነዶቹን ወደ ሰገነት እያወጣ ሰወራቸው። የእርሱ እምቢተኝነት ባይኖር ዘመድዎ የሚደራደሩበት ሰዓት ውስጡ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቅድሚያ ኢቤል የተባለው ቤት፣ ቀጥሎም ሮሌክስ አውቶማቲክ የክሮኖግራፍ ማሽን ፈልገው ወደ ዜኒት መጡ፤ የተሰወረው መሣሪያ ወረደ፤ ኤል ፕሪሜሮም ዳግመኛ መሠራት ጀመረ።

ሮሌክስ በ1988 ባወጣው የመጀመሪያው አውቶማቲክ ዴይቶና ውስጥ ይህን ማሽን 4030 ብሎ አስገባው። እንዳለ ግን አልወሰደውም። ምቱን ከ36,000 ወደ 28,800 አወረደው፤ ምት ሲበዛ ቅባት ቶሎ ይደክማልና። የቀን ማሳያውን አወጣ፤ የሰዓቱን አካሄድ የሚወስኑትን ሚዛን ጎማውንና ቀጭኗን ጥምዝ ሞላ በራሱ አሠራር ተካ። ከዚያ በፊት የነበሩት በእጅ የሚሞሉ ዴይቶናዎችም ቢሆኑ መሠረታቸው የሸለቆው ፋብሪካ ቫልዡ ያቀርበው የነበረው 72 ቁጥር ማሽን ስለነበር፣ ሮሌክስ በክሮኖግራፍ ረገድ ከጎረቤት እሳት ሲጭር የመጀመሪያው አልነበረም። ጉዳቱ ግን ግልጽ ነው፦ ሮሌክስ በዓመት የሚያወጣው ዴይቶና ዜኒት ከሚልክለት ማሽን ሊበልጥ አይችልም ነበር። በ1999 ዜኒት ከሆየር ጋር በአንድ ዓመት ኤል.ቪ.ኤም.ኤች. በተባለው የፈረንሳይ የቅንጦት ኩባንያ እጅ ገባ፤ በ2000 ሮሌክስ ለዓመታት ሲያዘጋጅ የቆየውን የራሱን 4130 አውጥቶ ተሰናበተ። የ1969ኞቹ ጠበኞች፣ ሆየርና ዜኒት፣ ዛሬ የአንድ ባለቤት ንብረት ናቸው። በ2021 ዜኒት ያወጣው አዲስ ክሮኖግራፍ ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ከዴይቶና ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ተብሎበታል፤ ማን ከማን ተበደረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ለማግኘት ሠላሳ ዓመት ወደኋላ መሄድ ይኖርበታል።

ሌላውን የማሽን አቅራቢ፣ የሌማኒያን ጉዳይ በአጭሩ ልጥቀስ። በ1940ዎቹ የተሠራው በእጅ የሚሞላው የሌማኒያ ክሮኖግራፍ ማሽን በኦሜጋ ዘንድ 321 ተብሎ ጠፈርተኞቹ ባጠለቁት ስፒድማስተር ውስጥ ገባ። የዚያው ዘር በ1986 በፓቴክ ፊሊፕ የዘላለም ካላንደር ክሮኖግራፍ ውስጥ፣ በቫሼሮንም ዘንድ ተገኘ። የኦሜጋንና የፓቴክን ማሽን ጎን ለጎን ያየ ሰው አጥንቱ አንድ፣ ቆዳው ግን ፈጽሞ የተለያየ መሆኑን ይረዳል፤ የአጨራረሱ ሥራ ብቻውን የሳምንታት ልዩነት አለውና። በ1999 የኦሜጋ ባለቤት ስዋች ግሩፕ ብሬጌ የተባለውን ሰዓት ቤትና ሌማኒያን አብሮ ሲገዛ፣ ፓቴክ ዋና የክሮኖግራፍ ማሽኑ በኦሜጋ ባለቤት እጅ መውደቁን አየ። በ2009 የራሱን አወጣ። እንደ ሮሌክስ ሁሉ ምክንያቱ ኩራት ብቻ አልነበረም፤ ምንጩ የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ የሆነበት ሰው የራሱን ጉድጓድ ቢቆፍር አይገርምም።

ቀደም ብዬ ሽርክና መሣሪያ ይሆናል ያልኩት በዋናነት ለብዙ ቤቶች ማሽን የሚያቀርበውን ፋብሪካ፣ የኢታን ነገር አስቤ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የስዊስ መንግሥት ራሱ የሰዓት ኢንዱስትሪውን በሕግ አጥሮ፣ ማን ፋብሪካ ይክፈት፣ ማን ያስፋፋ የሚለውን በፈቃድ ይወስን ነበር፤ ያልተጠናቀቀ ማሽን የሚሠሩትም በአንድ ትልቅ ማኅበር ሥር ተሰባስበው ነበር። ይህ ውርስ በ1983ቱ ውህደት አልፎ ኒኮላስ ሃየክ ወደመሩት፣ በኋላ ስዋች ግሩፕ ወደተባለው ኩባንያ ገባ። እንግዲህ ኦሜጋን፣ ሎንዢንን፣ ቲሶን የያዘው ኩባንያ የተፎካካሪዎቹን ሰዓት ማሽን በኢታ በኩል፣ ቀጭኗን ሞላ ደግሞ ኒቫሮክስ በተባለው ሌላው ክፍሉ በኩል ያቀርባል ማለት ነው። በ2002 ሃየክ ያልተጠናቀቀ ማሽን ለውጭ መሸጥ እናቆማለን አሉ፤ ክርክራቸውም ሌሎቹ ገንዘባቸውን ለማስታወቂያ ሲያፈሱ የፋብሪካውን ሸክም የሚሸከመው እርሳቸው ብቻ መሆናቸው ነበር። ይህ ክርክር በእኔ ዘንድ ውኃ የሚያነሳ ነው፤ ግን የገበያውን በር የያዘ ሰው በሩን ሊዘጋ ሲል ዳኛ መግባቱ አይቀርም። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን ጣልቃ ገባ፤ በ2013 በተደረሰው ስምምነትም ኢታ እስከ 2019 መጨረሻ መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ እንዲያቀርብ ተወሰነ። በዚህ መሐል ለብዙ ዓመታት የኢታን ማሽን ሲገጣጥም የኖረው የላ ሾ ደ ፎኑ ሴሊታ የባለቤትነት መብታቸው ያለቀባቸውን ማሽኖች ተከትሎ የራሱን መሥራት ጀመረና ትልቅ አቅራቢ ሆነ። በሩ ይዘጋል የሚለው ዛቻ ብዙ ቤቶችን ሠራተኛ ቀጥረው መሣሪያ እንዲገዙ አስገደዳቸው። ውድድሩ በሕግ ከተጠበቀው በላይ በፍርሃት ተስፋፋ ማለት ይቻላል።

በምርምር ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሽርክና አለ። በ1962 ሃያ ያህል ድርጅቶች በኔሻቴል የጋራ የኤሌክትሮኒክስ ማዕከል አቋቁመው የኳርትዝ ማለትም በባትሪ የሚሠራ ማሽን ሠሩ፤ በ1970 ቤታ 21 ሆኖ ሲወጣ ሮሌክስም፣ ፓቴክም፣ ኦሜጋም፣ ፒያዤም በየስማቸው ሸጡት፤ ሴይኮ ግን በታኅሣሥ 1969 ቀድሟቸው ነበር። የዚያ ማዕከል ወራሽ የሆነው ተቋም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሮሌክስ፣ ከፓቴክና ከስዋች ግሩፕ ጋር በሲሊከን የተሠራ፣ ማግኔት የማይነካው፣ ሙቀትና ቅዝቃዜም አካሄዱን የማያዛባው ሞላ አወጣ። ሦስቱ የማይዋደዱ ቤቶች በ2002 የተመዘገበውን የፈጠራ መብት ለሃያ ዓመት ተካፍለው፣ ሌላውን ሁሉ በአጥሩ ውጭ አቆዩት። ይህ ነው እንግዲህ ትብብርና ፉክክር በአንድ ሰነድ ላይ ሲፈርሙ የሚታየው።

በቅርቡ የታየው ምሳሌ ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ነው። የሮሌክስ እህት የሆነው ቱዶር በ2017 ክሮኖግራፍ ሊያወጣ ሲፈልግ ከዜሮ አልጀመረም፤ ብራይትሊንግ በ2009 የሠራውን ቢ01 ማሽን ወሰደ። ብራይትሊንግ በምላሹ የቱዶርን ባለ ሦስት ጠቋሚ ማሽን ወስዶ ቢ20 አለው። ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ማሽን ለማሽን ተለዋወጡ፤ ሁለቱም ይህን አልደበቁም። የቱዶር የማሽን ፋብሪካ ኬኒሲ ዛሬ ሻኔል ባለድርሻው ሆኖ ለሌሎች ቤቶችም ያቀርባል። በአንጻሩ በ2022 ብዙ ሰልፍ ያስነሳው የኦሜጋና የስዋች የጋራ ሰዓት በዚህ ረድፍ መቆጠር የለበትም። ሁለቱም የአንድ ባለቤት ልጆች ናቸውና፣ ያ ጉዳይ የአንድ ቤተሰብ ድግስ እንጂ የባላንጣዎች እርቅ አይደለም።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ስመጣ፣ ዘመድዎ የሚገዛው የሮሌክስን ሰዓት ነው። መጀመሪያ ቅርፁን ያበጀው ዜኒት ቢሆንም፣ ሰዓቱ በየዕለቱ ስንት ሰከንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ የሚወስነው ክፍል የሮሌክስ ነው። ይህም ለጥገና ትልቅ ትርጉም አለው። «ዜኒት ስለሆነ መለዋወጫው በየትም ይገኛል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥመው አይመነው፤ የኤል ፕሪሜሮ ሚዛን ጎማና ቀጭን ሞላ በ4030 ላይ አይገጥሙም፤ እንዲገጥሙ ተሞርደው የገቡበት ሰዓትም ዋጋውን ያጣል። ከ1988 እስከ 2000 የተሠራው የብረቱ ሞዴል ቁጥሩ 16520 ነው። ከመክፈሉ በፊት የጀርባውን ክዳን ልምድ ያለው ጠጋኝ ከፍቶለት፣ በማሽኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር 4030 መሆኑን፣ በሚዛን ጎማው ላይም ማስተካከያ ትንንሽ የወርቅ ብሎኖቹ በቦታቸው መኖራቸውን በዓይኑ ይይ። ክሮኖግራፉን አስነስቶ፣ አቁሞ፣ ወደ ዜሮ ሲመልሰውም ጠቋሚው ሳይንቀጠቀጥ በመስመሩ ላይ በትክክል መቆሙን ይመልከት፤ አለዚያ ሙሉ አገልግሎት ያስፈልገዋልና የዚያ ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስለት ይደራደር።